ጾሙን የማያውቅ ሪፖርት፦ የባሕር ዳር የኪነት ቤቶች ወደ አክሲዮን ገበያ ይግቡ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለንባብ የበቃ አንድ ጽሑፍ የባሕር ዳር የባህል ምሽት ቤቶች፣ የሰርግ ባንዶችና የሙዚቃ ቀረጻ ስቱዲዮዎች በአንድ አክሲዮን ማኅበር እንዲጠቃለሉና በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው እንዲገቡ ይመክራል። መከራከሪያዎቹ ስድስት ናቸው። የአክሲዮን ገንዘብ ዕዳ የለበትም፤ ሕዝቡ አክሲዮን ለመግዛት ዝግጁ ነው፤ መሥራቹ 51 በመቶ እስከያዘ ድረስ የቤቱ ባህል አይነካም፤ ባለአክሲዮን የሆነ አርቲስት ጥሎ አይሄድም፤ የየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ለሥራችን ሥርዓት ያበጅለታል፤ ቦርድ ደግሞ ልምምድ ክፍል ስለማይገባ ፈጠራውን አይነካውም።

ጸሐፊው ይህን ያሉት ለሙያው ተቆርቁረው እንደሆነ ይገባናል። በጣና ዳር ሆቴሎችና በአዝማሪ ቤቶች የሚሠሩ ልጆች ከዓመት ዓመት በአንድ ምሽት ክፍያና በሽልማት ብቻ መኖራቸው እኛንም ያሳስበናል። የማንስማማው አክሲዮን መሸጥን እንደ ገንዘብ ማግኛ ብቻ አይተው፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል በማለታቸው ነው። የኪነት ድርጅት ለሕዝብ ሲሸጥ ከአክሲዮኑ ጋር የሥራ ዘመኑ አቆጣጠርና የአርቲስቱ የመደራደር አቅም አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህ ነጥቦቹን በየተራ እንያቸው፤ የምንቀበለውን እንቀበላለን።

«የአክሲዮን ገንዘብ ዕዳ የለበትም»

ወለድ የለበትም፤ ይህ እውነት ነው። ወጪው ግን ገንዘቡ ከመምጣቱ አስቀድሞ ይመጣል። ለሕዝብ አክሲዮን መሸጥ የሚችለው አክሲዮን ማኅበር ስለሆነ በግለሰብ ንግድ ፈቃድ ወይም በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚሠራ ቤት መጀመሪያ አደረጃጀቱን መለወጥ አለበት። ቀጥሎ ሒሳቡ አይኤፍአርኤስ በሚባሉት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃዎች ተሠርቶ በውጭ ኦዲተር ይመረመራል። ከዚያ አማካሪና ጠበቃ ይቀጠራል፤ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባለው ፕሮስፔክተስ ይዘጋጃል፤ በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረትም ሰነዱ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ይመዘገባል። አክሲዮኑ ተሸጠም አልተሸጠ ይህ ሁሉ ይከፈላል።

ለእኛ ቤቶች ከሁሉ የሚከብደው ግን ሒሳቡ ነው፤ በተለይ ሽልማት። አንድ እንግዳ ተነስቶ ብር በድምፃዊው ግንባር ላይ ሲለጥፍ ገንዘቡ የማን ነው? በከተማችን ሦስት ዓይነት አሠራር አለ። አንዳንድ ቤት ሽልማቱ ሙሉ በሙሉ የተሸላሚው ነው። ሌላው ሁሉንም በአንድ ሣጥን አጠራቅሞ ሌሊቱን ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ድምፃዊና ተወዛዋዥ ይካፈሉታል። ሦስተኛው ቤት ራሱ ድርሻ ያነሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገንዘቡ የድርጅቱ ገቢ አይደለም። በሦስተኛው ቤቱ ያነሳው ድርሻ ገቢ ስለሆነ በየምሽቱ ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ መመዝገብ አለበት። ችግሩ ብዙ ቤት በአዘቦት ቀን በአንዱ፣ ቅዳሜና እሑድ በሌላው፣ በሰርግ ላይ ደግሞ በሦስተኛው መሥራቱ ነው። ኦዲተር ሲመጣ ማስረጃ ስለማያገኝ ወይ አስተያየቱን በገደብ ይሰጣል፣ ወይ «ደንቡን ጽፋችሁ አምጡ» ይላል። ደንቡ ተጽፎ በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ዕለት የቤቱ ባህል ተለውጧል፤ ገና አንድ አክሲዮን ሳይሸጥ።

የሠራተኛውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በምሽት የሚከፈለው ተወዛዋዥ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ነው ወይስ በራሱ የሚሠራ ባለሙያ? ለዓመታት በየምሽቱ በሰዓት እየገባ፣ የቤቱን ልብስ ለብሶ፣ የቤቱን ፕሮግራም ሲሠራ የኖረ ሰው ሠራተኛ ነው ከተባለ ያልተከፈለ ጡረታና ያልተቆረጠ ግብር ወደ ኋላ ተቆጥሮ በዕዳነት ይመዘገባል። ይህን ዕዳ ከተዋሃዱት ቤቶች መካከል ማን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ ውህደቱን ገና በጅምሩ ሊያፈርሰው ይችላል። ጽሑፉ በዚህ ላይ አንድ ቃል የለውም።

«ሕዝቡ ለመግዛት ዝግጁ ነው»

የአማራ ባንክ ከ140 ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ይዞ መመሥረቱ በማስረጃነት ቀርቧል። ባንክ ግን ሰው በሚያውቀው መንገድ ያተርፋል። ይልቁንስ የቅርቡን እንይ፦ ኢትዮ ቴሌኮም እያንዳንዳቸው 300 ብር የሆኑ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ለሕዝብ አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል፣ በገንዘብ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ በየኪሱ ያለ ድርጅት ይህን ያህል ከሸጠ፣ ገቢው በሰርግና በምሽት ላይ የቆመ ማኅበር እቅዱን «ሁሉም ይሸጣል» ብሎ ማውጣት አይገባውም።

«መሥራቹ 51 በመቶ እስከያዘ ድረስ»

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሚሊዮን አክሲዮን ካለው ማኅበር ውስጥ መሥራቹ 600 ሺህ፣ ማለትም 60 በመቶ፣ አለው እንበል። 51 በመቶ ላይ እንዲቆይ ከተፈለገ ማኅበሩ ሊያወጣ የሚችለው አዲስ አክሲዮን 176 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው 15 በመቶ። ከዚያ በኋላ አዲስ ካፒታል በተፈለገ ቁጥር ከ51 መውረድ ግድ ነው። ደግሞም የጽሑፉ ሐሳብ ብዙ ቤቶች ይዋሃዱ የሚል ስለሆነ 51 በመቶ የሚይዝ አንድ መሥራች ከመነሻው የለም። ሁለቱ ሐሳቦች አብረው አይሄዱም።

ድምፅ መያዝም ብቻውን አያድንም። የአሜሪካው የነፃ ትግል ትርኢት ድርጅት ደብልዩ ደብልዩ ኢ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1999 በ17 ዶላር ወደ ገበያ ሲገባ ዋናው ባለቤቱ ቪንስ ማክማን አሥር አሥር ድምፅ ያላቸውን አክሲዮኖች ይዞ ነበር፤ ከእጁ የወጣ ውሳኔ አልነበረም። ሆኖም በኤፕሪል 2020 ወረርሽኙ ሲገባ ድርጅቱ ጥሬ ገንዘብና የመበደር አቅሙ ተደምሮ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዳለው በገለጸበት በዚያው መግለጫ የወጪ ቅነሳ አስታወቀ፤ በዚያው ቀንም ብዙ ታጋዮችን አሰናበተ። ዓመቱን የዘጋው በ131.8 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ትርፍ ነው። ታጋዮቹ በሰነድ «በራሳቸው የሚሠሩ ተቋራጮች» ነበሩ፤ ሲሰናበቱም እንደ ቋሚ ሠራተኛ የሚከላከልላቸው ነገር ጥቂት ነው። ዋናው ባለቤት ሳይለወጥ የቤቱ ፀባይ ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ገበያ መግባት ግልጽነትን ያመጣል በሚለው ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የደቡብ ኮሪያው የሙዚቃ ድርጅት የኤስኤም ኢንተርቴይንመንት መሥራች በግል ድርጅቱ በኩል ከገቢው እስከ 6 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ለዓመታት ሲያነሳ ቆይቶ ነበር። 1 በመቶ ገደማ ብቻ የያዘ አንድ ኢንቨስተር ጉዳዩን በይፋ አንስቶ ተከራከረ፤ ውሉም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ተቋረጠ። በግል ቤት ውስጥ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ማንም አይኖርም። ለእኛም ቤቶች ባለቤቱ ከካዝና የሚያነሳው ገንዘብ በጽሑፍ ቢሰፍር የሚጠቀሙት ሠራተኞቹ ናቸው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አብሮ ይታወቅ፦ ግልጽነት ለሠራተኛውም ዓይን ይከፍታል። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1940 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ በሜይ 1941 የሥዕል ሠራተኞቹ አድማ መቱ። የማኅበር መብት፣ የደመወዝ ልዩነትና የሠራተኞች መባረር ነበሩ ዋና መንስኤዎቹ፤ አድማው በገበያው ምክንያት ብቻ የመጣ አይደለም። ነገር ግን «ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን» ተብሎ ይታለፍ የነበረ ጥያቄ ባለቤትነቱ ለውጭ ሰው ከተሸጠ በኋላ እንደ ድሮው አይታለፍም። ክፍያን አስተካክሎ መግባት ከገቡ በኋላ ከማስተካከል ይቀላል።

«ባለአክሲዮን የሆነ አርቲስት ጥሎ አይሄድም»

ጽሑፉ የተደገፈው በኮሪያው የሙዚቃ ድርጅት በቢግ ሂት፣ በዛሬው ሃይብ ላይ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 በ135,000 ዎን ወደ ገበያ ከመግባቱ በፊት መሥራቹ ቢቲኤስ ለተባለው የሙዚቃ ቡድን ሰባት አባላት ለእያንዳንዳቸው 68,385 አክሲዮን ሰጣቸው። በመነሻው ዋጋ ሲሰላ ለአንድ ሰው 9.2 ቢሊዮን ዎን ገደማ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቁመዋል። ነገሩ ግን ከፊትም ከኋላም አለው። ከፊት፦ ቡድኑ ለሰባት ዓመት ውሉን ያደሰው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ከገበያው ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። ያቆያቸው ውሉ ነው፤ አክሲዮኑ ምርቃት ነበር። ከኋላ፦ በጁን 2022 ቡድኑ በየግል ሥራው ላይ እንደሚያተኩር ሲናገር የድርጅቱ አክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን በ25 በመቶ ገደማ ወረደ። ዜናው ከመሰማቱ በፊት የሸጡ ሦስት ሠራተኞችም በውስጥ መረጃ ተጠቅመዋል ተብለው ጉዳያቸው ለዐቃቤ ሕግ ተመራ።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። አንድ ታዋቂ ድምፃዊ «ከፋሲካ በኋላ አልቀጥልም» ብሎ ለከበሮ መቺው ቢነግረው፣ ማኅበሩ ገበያ ላይ ከሆነ ይህ ወሬ ዋጋ ያለው የውስጥ መረጃ ነው። የሰማ ሰው አክሲዮን ቢሸጥ ሕግ ይጥሳል። ድምፃዊው ራሱም ልጁ ታመመበት፣ ቤት ኪራይ ጨመረበት ብሎ አክሲዮኑን በፈለገበት ቀን መሸጥ አይችልም፤ ሪፖርት ሊወጣ ሲል ያለው ጊዜ ይዘጋበታል። ይህን ለአርቲስቱ ሳይነግሩ አክሲዮን ማከፋፈል ሰውን ሳያውቀው ወደ ጥፋት መላክ ነው።

ሌላው መጠኑ ነው። ለአንድ ተወዛዋዥ የ60,000 ብር አክሲዮን ተሰጠው እንበል። ማኅበሩ በዓመት 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ ቢከፍል፣ ይህም ጥሩ በሚባል ዓመት ነው፣ ከግብር በፊት 6,000 ብር ያገኛል። በወር ሲካፈል 500 ብር። ትልቅ ሰርግ ላይ በሁለት ሰዓት ሽልማት ከዚያ በላይ ሊያገኝ የሚችል ሰው በ500 ብር ምክንያት ከአዲስ አበባ የመጣ ጥሪ አይመልስም። ያ ልጅ የሚቀረው ክረምት ላይ ደመወዙ እንዳይቋረጥ፣ ሲታመም ማሳከሚያ እንዲያገኝ ሲደረግለት ነው።

አርቲስትን በውል ማሰር በበኩሉ ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኤስኤም ሥር የነበሩ ሦስት የቲቪኤክስኪው የሙዚቃ ቡድን ድምፃውያን የ13 ዓመት ውላቸውን በፍርድ ቤት ተቃወሙ፤ የኮሪያ መንግሥትም ከዚያ በኋላ የውል መነሻ የሚሆን ሰነድ አውጥቶ የዘመኑን ጣሪያ ሰባት ዓመት አደረገው። አክሲዮን የገዛ ሰው ረጅም ውል ማየት ይወዳል፤ ገቢው እንደማይቋረጥ ይነግረዋልና። ስለዚህ ገበያ የገባ ድርጅት ውሎቹን ለማራዘም ይገፋል፤ ወጣቱ ደግሞ ሳያነብ ይፈርማል።

ውሉ የሥራውን ባለቤትነት ካልነካ አርቲስቱ መሄዱ አይቀርም። የኮሚክ መጻሕፍት አሳታሚው ማርቭል በጁላይ 1991 ወደ ገበያ ገባ። ወራት ሳይቆይ በወቅቱ ከፍተኛ ሽያጭ የነበራቸው ሰባት ሠዓሊዎች የሚፈጥሩት ገጸ ባሕርይ ባለቤትነት የድርጅቱ ብቻ መሆኑን ተቃውመው ወጡና በ1992 የራሳቸውን ኢሜጅ ኮሚክስ መሠረቱ። ማርቭል በዲሴምበር 1996 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ዋናው ምክንያት በዕዳ የተገዙ ሌሎች ድርጅቶችና የገበያው መውረድ እንጂ የሠዓሊዎቹ መሄድ ብቻ አልነበረም። ሠዓሊዎቹ የፈለጉት ግን የገዛ ሥራቸው ድርሻ ነበር።

በእኛ ሕግ ይህ ነጥብ በተለይ ከባድ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ በሥራ ውል ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ነው። ማለትም ወረቀቱ ዝም ካለ ዜማው የማኅበሩ ይሆናል። ዛሬ በቃል ተግባብተው የሚሠሩ የዜማና የግጥም ባለሙያዎች አክሲዮን ማኅበሩ ከተመሠረተ በኋላ በቋሚነት ከተቀጠሩ፣ ሥራቸውን በዝምታ ያስረክባሉ።

ለአርቲስቱ የሚበጀውን ስንጠየቅ አንድ ምሳሌ እንጠቁማለን። አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ቴይለር ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሙዚቃ ድርጅቱ ከዩኒቨርሳል ጋር ስትዋዋል፣ ድርጅቱ የያዘውን የኢንተርኔት ሙዚቃ ማሰራጫውን የስፖቲፋይ አክሲዮን በሸጠ ጊዜ ከሽያጩ ለአርቲስቶቹ እንዲያካፍልና ድርሻቸውም ለቀድሞ ብድር እንዳይያዝባቸው አስስማማች። አክሲዮን አልጠየቀችም፤ ከሽያጩ የሚገኝ ገንዘብ ነው የጠየቀችው፤ ለራሷ ብቻም አልነበረም። ይህ አንቀጽ በአንድ ገጽ አማርኛ ሊጻፍ የሚችል ነው።

«የየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሥርዓት ያበጃል»

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ይህ ነጥብ ነው። ሪፖርትን አንጠላም፤ ሩብ ዓመቱ የኪነት ቤትን ዓመት አያውቀውም እንጂ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሦስተኛው ሩብ ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ነው፤ አራተኛው ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ መግቢያውም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ውስጥ ይዘዋወራል። በ2016 ዓ.ም. ጾሙ የገባው መጋቢት 2 ሲሆን ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 9 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ሆነ። በጾሙ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ አንድ የባህል ምሽት ቤት እንውሰድ። የነነዌን ሦስት ቀን ትተን በ2016 ሦስተኛ ሩብ ከ90 ምሽት 29ኙ ተዘግቶ 61 ምሽት ሠራ። በ2018 ሦስተኛ ሩብ 52 ምሽት ተዘግቶ የሠራው 38 ብቻ ነው። በእንግዳው ቁጥር፣ በዋጋው፣ በድምፃዊው ላይ ምንም ሳይለወጥ የሦስተኛው ሩብ ሥራ በ38 በመቶ ገደማ ወረደ። በአራተኛው ሩብ ግን ከ64 ወደ 87 ምሽት ከፍ አለ፤ 36 በመቶ ዕድገት። ሁለቱም ቁጥሮች የቀን መቁጠሪያው ናቸው፤ የሥራ አስኪያጁ ድካምም ስንፍናም የለባቸውም። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተቀምጦ ሪፖርቱን የሚያነብ ባለአክሲዮን ግን የሚያየው 38 በመቶ መውረዱን ነው።

ከዚያ ምን ይመጣል? ሥራ አስኪያጁ ያን ሩብ ለማዳን ከሦስት አንዱን ያደርጋል። አንደኛው በጾሙ ቤቱን በዲጄና በእግር ኳስ ስክሪን መሙላት ነው፤ ቤቱ ስሙን ያጣል፣ የፆመው ደንበኛም ከፋሲካ በኋላ አይመለስም። ሁለተኛው ወጪ ለመቀነስ ቡድኑን ለ55 ቀን ያለ ክፍያ መበተን ነው። ይህ በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የሰርግ ቀብድ የሚሰበሰበው በዚያው በጾሙ ወቅት ነው፤ ፋሲካ ሲደርስ ቀብዱ አለ፣ ክራር መቺው ግን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሌላ ቡድን ገብቷል። አንዱ ቡድን ለሁለት ተከፍሎ በአንድ እሑድ ሁለት ሰርግ ይላካል፤ ዋሽንት በኪቦርድ ይተካል፤ ሙሽሮቹ የተዋዋሉት ግን ለዚያ አልነበረም። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፦ የተሰበሰበውን ቀብድ በሦስተኛው ሩብ እንደ ገቢ መመዝገብ። ቀብድ ሰርጉ እስኪሠራ ድረስ የድርጅቱ ዕዳ ነው፤ ኦዲተር ይመልሰዋል፣ ባለሥልጣኑም ይጠይቅበታል።

ጾሙ ለኪነት ሰው ባዶ ጊዜ አይደለም። የማሲንቆው ጭራ የሚለወጥበት፣ የከበሮው ቆዳ የሚወጠርበት፣ አዲስ ግጥም የሚጠራቀምበት፣ ጀማሪው ከነባሩ ሥር ተቀምጦ ቅኝት የሚለይበት ወቅት ነው። ትዝታን ከባቲ፣ አንቺ ሆዬን ከአምባሰል በጆሮው የማይለይ ልጅ በሰርግ ምሽት አይማረውም። በሪፖርት ላይ ግን ይህ 55 ቀን ገቢ የሌለው ወጪ ነው።

መፍትሔው አለ፤ ጽሑፉ ሳያነሳው ማለፉ ነው ያሳዘነን። ግማሽ ዓመት ብናይ፣ ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ስድስት ወር ጥምቀትን፣ የጥርን ሰርግ፣ ዐቢይ ጾምን በሙሉና የፋሲካን ማግሥት ሰርግ በየዓመቱ ይይዛል። ጾሙ የትም ቢገባ ከዚያ አይወጣም። ስለዚህ ማኅበሩ ንጽጽሩን በግማሽ ዓመት ያድርግ፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት ግዴታ ከሆነም ከጠቅላላ ገቢው ጎን «የተሠራ ምሽት ብዛት» እና «በአንድ ምሽት የተገኘ ገቢ» የሚሉ ሁለት ረድፎች ይጨምር። ሰዓት እላፊ በሚታወጅበት ጊዜም እነዚሁ ሁለት ረድፎች እውነቱን ይናገራሉ።

ጸሐፊው ገበያ መግባት እንደሚጠቅም ለማሳየት የካርቱን ፊልም ሠሪውን ፒክሳርን ጠቅሰዋል፤ ይህን በከፊል እንቀበላለን። በኖቬምበር 1995 በ22 ዶላር ወደ ገበያ ገብቶ 140 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማግኘቱ ከዲዝኒ ጋር በ1997 እኩል የወጪና የትርፍ ድርሻ ለመደራደር ጉልበት ሰጥቶታል። ነገር ግን ስቲቭ ጆብስ 80 በመቶ ገደማ ይዞ ነበር የገባው፤ እስከ 2006 በዲዝኒ እስኪገዛ ድረስም ፊልም የሌለባቸው ዓመታት አሳልፏል። ያንን ትዕግሥት ያላገኘው ሌላው የካርቱን ፊልም ሠሪ ድሪምወርክስ አኒሜሽን ነው። በኦክቶበር 2004 በ28 ዶላር ገባ። በ2005 የአንድ ፊልም ዲቪዲ ከተተነበየው በታች ስለተሸጠ የትርፍ ትንበያው ሳተ፤ ባለአክሲዮኖችም ከሰሱ። ከዚያ በዓመት እስከ ሦስት ፊልም ለማውጣት ታቀደ። በ2013 350 ያህል ሠራተኛ፣ በ2015 ደግሞ 500 ያህል ተሰናበተ፤ የፊልሙም ቁጥር ወደ ሁለት ወረደ። በ2016 በኮምካስት ተገዛ።

«ቦርድ ልምምድ ክፍል አይገባም»

አይገባም። መግባትም አያስፈልገውም፤ በሒሳብ መዝገቡ በኩል ይገባል።

አይ.ኤ.ኤስ 38 የተባለው የሒሳብ ደረጃ አንድ ድርጅት ራሱ ያሠለጠናቸውን ሰዎች ችሎታና ራሱ የገነባውን ስም በንብረትነት እንዲመዘግብ አይፈቅድም። ከሌላ የገዛውን የዜማ መብት ግን ይመዘግባል። ውጤቱን እናስበው። አንድ ቤት ሁለት ወጣቶችን ሦስት ዓመት አስተምሮ ማሲንቆ ተጫዋች ቢያደርጋቸው፣ በመዝገቡ ሦስት ዓመት ሙሉ ወጪ ብቻ ይታያል። በዚያው ገንዘብ የቆዩ ዘፈኖችን መብት ቢገዛ ንብረት ይታይለታል። ለባለአክሲዮን ቁጥር የሚያቀርብ ሥራ አስኪያጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ማንም «አታስተምሩ» ብሎ ሳያዝ ማስተማሩ ይቀንሳል። ይህ ሙያ ከአባት ለልጅ፣ ከነባር ለጀማሪ የሚወርድ ስለሆነ አንድ ትውልድ ካለፈው በገንዘብ አይመለስም።

አዝማሪነት ደግሞ ከሌላው ሙዚቃ የሚለይበት አለ። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበላል፣ ያሳምረዋል፣ ሰሙን ለሁሉ ወርቁን ለገባው ያደርሳል። የምሽቱ ግማሽ ሥራ የእንግዳው ነው፤ ሁለት ምሽት አንድ አይሆንም። ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ላይ «የማኅበሩ የፈጠራ ሀብት» ተብሎ ሊዘረዘር የሚችለው የተቀረጸ ዘፈን እንጂ ይህ አይደለም። ከዚህም በላይ አዝማሪ በተቀመጠው ሰው ላይ ይቀኛል፤ ባለሥልጣንም ባለሀብትም አይቀሩትም። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ፣ አዝማሪ ምን አለ» እያሉ ያስጠይቁ የነበረው እውነት እዚያ ስለሚገኝ ነው። ገበያ ላይ ያለ ማኅበር ግን ጠበቃ አለው፤ ጠበቃው አንድ ግጥም ስም ማጥፋት ተብሎ ክስ እንዳያመጣ ይሰጋል፤ መጀመሪያ ማሳሰቢያ፣ ቀጥሎ የጸደቀ የግጥም ዝርዝር ይመጣል። ጠበቃው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው።

ስለዚህ አዝማሪ ቤቱን ከአክሲዮኑ ውጭ አድርጉት እንላለን። ስቱዲዮው፣ የድምፅ መሣሪያ ኪራዩ፣ የሰርግ አዳራሹና የመድረክ ሥራው ለአክሲዮን ማኅበር ይመቻሉ፤ ሊቆጠሩ፣ ሊገመገሙ፣ ዕቃቸው ሊመዘገብ ይችላል። ለእነዚህም ቢሆን ከአክሲዮን በፊት ሌላ መንገድ ይሞከር፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን። በሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተሰብሳቢ ሒሳብና መሣሪያ በዋስትና ሊያዙ ይችላሉ፤ ሙሉ የድምፅ ሥርዓት ያለው ስቱዲዮ ድርሻውን ሳይሸጥ ብድር የሚጠይቅበት በር ይህ ነው። ብድርም የራሱ አደጋ አለው። ገበያ ያልገባው የካናዳው የሰርከስ ድርጅት ሰርክ ዱ ሶሌይ እ.ኤ.አ. በ2020 ትርኢቱ በወረርሽኙ ሲቆም ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ይዞ ነው ወደ ኪሳራ ጥበቃ የገባው። ብድሩ ቢያንስ በጾሙ ወራት የማይከፈልበት፣ ክፍያውም ከፋሲካ በኋላና ከጥር ሰርግ ጋር የሚገጥም መርሐ ግብር ይኑረው።

ጸሐፊው ሦስት ዓመት ብለዋል። የመጀመሪያው ዓመት ለውል ብቻ ይዋል። ሽልማት በምን ደንብ እንደሚከፋፈል፤ ዜማና ግጥሙ በቅጥር ቢሠራም የባለሙያው ድርሻ ስንት እንደሆነ፤ ውሉ ከስንት ዓመት እንደማይበልጥ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ለልምምድና ለማስተማር ስንት እንደሚከፈል፤ ማኅበሩ አንድ ቀን አክሲዮን ቢሸጥ ከሽያጩ ለአርቲስቶቹ ስንት እጅ እንደሚደርስና ያም ለቀድሞ ብድር እንደማይያዝ። ይህ ሁሉ በአማርኛ ይጻፍ፤ ቡድኑ በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ማንበብ የማይችል አባል ካለ የራሱን ሰው ይዞ ይምጣ። እያንዳንዱ አባል አንድ የተፈረመ ቅጂ ይዞ ወደ ቤቱ ይግባ።